ወለሉ ይለካል፣ አየሩስ?

ሴራሚክ አንጣፊው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ሳሎኑ መሃል ቁጢጥ አለ። ወዲያው ለመለካት አልቸኮለም። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች በየተራ አየ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ዳበሰና ልስኑ ወደ ውስጥ ያበጠበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ቤቱ አዲስ አበባ ዳር ካሉት የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ እናት ናቸው፤ ኩሽናው በር ላይ ቆመው ይመለከቱታል።

«ልጄ፣ ካሬውማ ውሉ ላይ ተጽፏል እኮ። ምን ያደክምሃል?» አሉት።

«እትዬ፣ ውሉ ላይ ያለው የቤቱ ነው፤ እኔ የምፈልገው የወለሉን ነው» አላቸውና ሜትሩን ከወገቡ ፈታ።

ሜትሩ ጓዳ ውስጥም፣ መኪና ውስጥም የማይጠፋው ባለ 5 ሜትር የብረት ጥቅልል ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ቆልማማ ብረት ልብ ብሎ ያየ ሰው ወዲያና ወዲህ እንደምትነቃነቅ ያስተውላል። ገዢዎች የላላች እየመሰላቸው «ይሄኛው ተበላሽቷል፣ ሌላ ስጠኝ» ይላሉ። የላላችው ግን ሆን ተብሎ ነው። የምትንሸራተተው በራሷ ውፍረት ልክ ነው። ጣውላ ጫፍ ላይ ተሰክታ ስትጎተት ወደ ውጭ ትወጣና ዜሮው ከውስጠኛው ገጿ ይጀምራል፤ ግድግዳ ላይ ስትገፋ ደግሞ ወደ ውስጥ ትገባና ዜሮው ከውጭኛው ገጿ ይሆናል። በሁለቱም በኩል ልኩ ትክክል ይመጣል። በሚስማር አጥብቆ የቀጠቀጣት ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንዱን ዓይነት ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያዛባ ይኖራል። ሌላም ነገር አለ፦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲለካ ጥብጣቡ ማዕዘን ላይ ይታጠፍና ቁጥሩ አይነበብም። ለዚህ የሜትሩ ቤት ራሱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቤቱን ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ፣ ጥብጣቡ ከሚወጣበት አፍ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ፣ የቤቱን ልክ መደመር ነው።

ባለሙያችን የሳሎኑን ወርድ ሦስት ቦታ ለካ። በመስኮቱ በኩል 3.42፣ መሃል ላይ 3.40፣ በበሩ በኩል 3.37 ሜትር። ርዝመቱ 4.85 ሆነ። የቱን ነው የሚይዘው? መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሲለካ ማየት ደስ ይላል። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ትልቁን ይይዛል፤ ምክንያቱም የተረፈ ይቆረጣል፣ የጎደለ ግን ሌላ ቀን ከሱቅ ሲመጣ ቀለሙ ላይገጥም ይችላል። ቁም ሳጥን የሚያሠራ ሰው ደግሞ ትንሹን መያዝ አለበት፤ በ3.42 የተሠራ ቁም ሳጥን 3.37 ላይ በምንም ተአምር አይገባም። አንድ ክፍል፣ ሦስት ቁጥር፣ ሁለት ትክክለኛ መልስ።

ከዚያ ሰያፉን፣ ሜትሩ ስለማይደርስለት በሁለት ጊዜ፣ ለካ። በአንዱ በኩል 5.92፣ በሌላው 5.97። አራት ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ሁለቱ ሰያፎች እኩል በሆኑ ነበር። የ5 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት ክፍሉ ወደ አንድ ጎን እንደተዛነፈ ይናገራል። ማዕዘኑን ለብቻው ለመፈተን ግንበኞች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጤ ነው። ትምህርት ቤት የፓይታጎረስ ደንብ ተብሎ የተማርነው ይኸው ነው፤ 9 እና 16 ሲደመሩ 25። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ሦስቱንም በግማሽ፣ 1.50፣ 2 እና 2.50 አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሰውየው መዛነፉን ካወቀ በኋላ ሥራውን ከግድግዳ አልጀመረም። መሃል ወለሉ ላይ ክር ወጥሮ ቀጥ ያለ መስመር መታና ሴራሚኩን ከዚያ ማስላት ጀመረ፤ መዛነፉ ዳር ላይ፣ ሶፋ በሚሸፍነው በኩል ይቀራል።

ሳሎኑ ደግሞ አራት ማዕዘን ብቻ አይደለም። በአንድ ጎኑ ወደ ኩሽናው የሚገባ 1.60 በ1.20 የሆነ ጥግ አለው። እንዲህ ያለውን ቅርጽ በሐሳብ መስመር ለሁለት መቁረጥ ነው፤ 4.85 ሲባዛ በ3.42 ወደ 16.59 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ጥጉ 1.92 ካሬ ሜትር ነው። ድምሩ 18.51። ለሚቆረጥና ለሚሰበር አንድ አስረኛ ሲጨመርበት 20.36 ይደርሳል። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ አንዱ 0.16 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለአንድ ካሬ ስድስት ከሩብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ 128 ሴራሚክ። እትዬ ጎረቤታቸው በነገሯቸው መሠረት ሊገዙ ያሰቡት በውሉ ካሬ ልክ ነበር። «የውሉን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ ትርፉን ለማን ይሰጡት ነበር?» አላቸው ሰውየው፤ የሒሳብ ወረቀቱንም ይዘው እንዲቆዩ ሰጣቸው።

በከተማችን መሬት በካሬ በሊዝ ይሰጣል፣ ቤት በካሬ ይከራያል፣ ቀለም ቀቢም ልስን ለሳሽም በካሬ ይዋዋላል። ከየት እስከ የት ተለክቶ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቁጥሮቹን እንያቸው። አንድ ሰው ከውጭ ወደ ውጭ 5 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በብሎኬት ሠራ እንበል። 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ማንም የሚጠራው በዚህ ነው። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከውስጥና ከውጭ ልስን ሲጨመርበት ግድግዳው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። ከእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ግድግዳ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ይቀነሳል። ውስጡ 4.50 በ3.50፣ ማለትም 15.75 ካሬ ሜትር ሆኖ ይገኛል። 4.25 ካሬ ሜትሩን፣ ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጠውን፣ ግድግዳው ወስዶታል።

ያው ግድግዳ ከውጭ 10 በ10 በሆነ አዳራሽ ላይ ሲሰላ ግን ውስጡ 9.50 በ9.50፣ ማለትም 90.25 ይሆናል። የጠፋው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። በውጭ ልክ የሚከፈል ኪራይ ወይም ሽያጭ አብዝቶ የሚጎዳው ትንሽ ክፍል ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜም አቅሙ ያነሰውን ሰው ነው። ይህ ሸፍጥ አለበት ማለቴ አይደለም፤ ለፕላን፣ ለመሠረትና ለግንባታ ዋጋ የውጭው ልክ አስፈላጊ ነው። ፎቅ ቤት ላይ ደግሞ ደረጃውና ኮሪደሩ በድርሻ የሚደመርበት አሠራር አለ፤ እሱም የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን የሚከራይም የሚገዛም ሰው «የተጣራው የውስጥ ወለል ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልስ ካጣ ባለ 5 ሜትሩን ይዞ ገብቶ ራሱ ያግኘው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ወለል ስንለካ ሁለት ቁጥር እናባዛለን፤ ሦስተኛው ሲመጣ ስህተቱም ይበዛል። እትዬ ከሴራሚኩ በፊት ወለሉ በ5 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶና አሸዋ እንዲስተካከል ይፈልጋሉ። 18.51 ካሬ ሜትር በ0.05 ሜትር ሲባዛ 0.93 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ውፍረቱን 0.5 ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከ9 ሜትር ኩብ በላይ ያዛል፤ ግቢው በአሸዋ ተሞልቶ ያድራል። ሳንቲ ሜትርና ሜትር አንድ ስሌት ውስጥ ሲደባለቁ የሚመጣው ጥፋት በወለል ስሌትና በይዘት ስሌት እኩል አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር አለ፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ግን አንድ ሚሊዮን ሳንቲ ሜትር ኩብ። ስለዚህ ሁሉንም ልክ መጀመሪያ ወደ ሜትር ቀይሮ ከዚያ ማባዛት የሁሉም ባለሙያ ደንብ ነው።

ሜትር ኩብን በዓይነ ኅሊናው ማየት ለሚቸግረው የ1,000 ሊትር ሮቶ አለለት። የሚይዘው ውኃ ልክ አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 10 ኩንታል ይደርሳል። ጣራ ላይ ሮቶ የሚያሰቅል ሰው ይህችን ብዜት ሳይሠራ ባይሰቅል ምኞቴ ነው።

እኛ ከሜትር በፊትም ስንለካ ኖረናል። ሸማ በክንድ፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ፤ ትንንሹ ነገር በስንዝርና በጋት፤ ቦታ በእርምጃ። የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ ስለማይገጥም ገበያ ላይ ማን እንደሚለካ አስቀድሞ መስማማት ግድ ነበር። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1791 ከማንም አካል ያልተወሰደ ልክ እንፈልግ ብለው ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው አንዱን ክፋይ ሜትር አሉት። ዛሬ ትርጉሙ ከምድር ወጥቶ ብርሃን ላይ አርፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሜትር ማለት ብርሃን በባዶ ጠፈር በአንድ ሰከንድ 299,792,458ኛ ክፋይ የሚጓዘው ርቀት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1963 የሜትርን ሥርዓት በሕግ ተቀብላለች። ክንድ ግን ከሸማኔው ቤት አልወጣም።

ገጠር ያደገ አንባቢ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ «የእኛ ቤት እኮ ጥግ የለውም» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው፤ ክቡ ጎጆ በርዝመትና በወርድ አይለካም። ምሰሶው ካለበት መሃል እስከ ግድግዳው ያለውን ለክቶ፣ ያንን በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በ3.14 ማባዛት ነው። ምሰሶው ካላስለካ ዙሪያውን በገመድ ለክቶ ለ6.28 ማካፈል ያንኑ ርቀት ይሰጣል። ከመሃል እስከ ግድግዳ 3 ሜትር የሆነ ጎጆ ወለሉ 28.27 ካሬ ሜትር፣ የግድግዳው ዙሪያ 18.85 ሜትር ነው።

ይህን ስሌት የጀመርነው እኛም ግሪኮችም አይደለንም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1550 ዓመት ገደማ አህሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከቀደመ ጽሑፍ የገለበጠው ፓፒረስ አለ። 41ኛው ጥያቄ ስለ ክብ ጎተራ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ክንድ፣ ቁመቱ 10 ክንድ ነው፤ ምን ያህል ይይዛል? አህሜስ እንዲህ ይሠራዋል፦ ከ9 ላይ አንድ ዘጠነኛውን ቀንስ፣ 8 ይቀራል፤ 8ን በ8 አባዛ፣ 64፤ በ10 አባዛ፣ 640። ዛሬ በ3.1416 ብናሰላው የወለሉ ልክ 63.6 ይመጣል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈው ሰው የሳተው ከመቶ አንድ በማይሞላ ነው። በአባይ ማዶ ጫፍ እህል የሚሰፍር ጸሐፊና ላይኛው አባይ ዳር ጎተራ የሚያቆም ገበሬ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ ይህ ክብ ነገር ስንት ይይዛል?

ክቡ ቤት ደግሞ ብልሃት አለው። የዚያኑ የ18.85 ሜትር ግድግዳ ዘርግቶ አራት ማዕዘን ቤት የሚሠራ ሰው እያንዳንዱ ጎን 4.71 ሜትር፣ ወለሉም 22.2 ካሬ ሜትር ይሆንበታል። ክቡ በዚያው ማገር፣ በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ድካም 6 ካሬ ሜትር ያህል ትርፍ ይሰጣል፤ ከሩብ ይበልጣል። እንጨት በሩቅ በሚለቀምበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎጆን ነገር ኋላ ቀር አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ይህን ብዜት አሠራዋለሁ።

ጣራውም ይለካል። ሾጣጣ የሚይዘው በዚያው ወለልና በዚያው ቁመት ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ነገር ከሚይዘው አንድ ሦስተኛውን ነው። ልጆች በዓይናቸው እንዲያዩት ከወፍራም ወረቀት ሾጣጣ መሥራት፣ ከዚያው ወረቀት አፉና ቁመቱ ከሾጣጣው ጋር እኩል የሆነ ቱቦ መሥራት፣ ከዚያ በሾጣጣው ጤፍ እየሰፈሩ ቱቦው ውስጥ መገልበጥ ይበቃል፤ በሦስተኛው ጢም ይላል። የጎጆው ግድግዳ 2 ሜትር፣ የጣራው ሾጣጣ 2.40 ቢሆን ከታች 56.5፣ ከላይ 22.6፣ በድምሩ 79 ሜትር ኩብ ገደማ አየር አለው። ጭሱ ሰው ራስ ላይ ሳይቀመጥ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ያገኘው ከዚያች ከላይኛዋ 22.6 ነው።

ይዘትን በተቃራኒው መንገድ ያሰሉ ሰዎችም ነበሩን። ላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሚያየው የተገነባ ሳይሆን የተነሣ ነገር ነው። ጉድጓዱ በተለምዶ ሲገለጽ ወደ 25 በ25 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱን 12 ሜትር ብንይዝ 7,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። መሃል ላይ የቀረውን የመስቀል ቅርጽ ሕንፃ ወደ 1,000 ሜትር ኩብ ብንገምተው እንኳ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ሳንቆጥር፣ ከ6,000 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ በመሮ ተፈልፍሎ ወጥቷል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ 400 ጊዜ ያህል መመላለስ ነበረበት። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይገነባል። ያለ ልክ የተፈለፈለ ድንጋይ ግን አይመለስም፤ እነዚያ ጠራቢዎች እያንዳንዷን መስኮትና እያንዳንዷን ማዕዘን ድንጋዩን ከመንካታቸው በፊት ለክተው ሳያውቋት አልቀሩም።

አሁን ወደ ከተማ እንመለስና ወደ አንድ ሰርቪስ ቤት እንግባ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሱ ጉዳይ ነው። 3 በ4 ሜትር፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ቆርቆሮ። ከፊት ቁመቱ 3 ሜትር፣ ከኋላ 2.20። እንዲህ ያለ ክፍል ቁመቱ ስንት ነው ይባላል? ጣራው ወጥ ሆኖ ስለሚያዘቀዝቅ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ትክክል ነው፤ 2.60። 12 ካሬ ሜትር በ2.60 ሲባዛ 31.2 ሜትር ኩብ። አከራዩ 12ቱን ይነግራል፤ 31.2ቱን የሚጠይቅም የሚነግርም የለም። ሰው ግን ወለሉ ላይ ቢተኛም የሚኖረው በ31.2ቱ ውስጥ ነው።

አየር ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ክፍል 37 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይይዝ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ክፍሉ የሚይዘው ወደ 28 ኪሎ ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ በሩብ ገደማ ያንሳል። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያድር እያንዳንዱ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። የሙኒኩ የጤና ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 የመኖሪያ ክፍል አየር ከሺህ አንድ እጅ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለው ጥሩ አየር እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፤ ያ ልክ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በራችን፣ መስኮታችንና ስንጥቃችን ሁሉ ቢደፈን አራቱ ሰዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ እዚያ ይደርሳሉ፤ ሲነጋ አሥራ አምስት እጥፍ ያልፉታል። እርግጥ ቆርቆሮና በር ስንጥቅ አያጡም፤ ብርድ ፈርተን በጨርቅ የምንደፍነው ግን እሱኑ ነው። ጠዋት ራስ እየከበደ መነሣትን ድካም ብለን የምናልፈው አንዳንዴ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ ምቾትን የሚያሳጣ ነገር ነው። ከሰል ግን ሰው ይገድላል። በክረምት ማታ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ተጠብቆ፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ምድጃው ወደ ቤት ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ምንም አይል» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣው ከዚሁ ጭስ አልባ ፍም ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ሩብ ኪሎ ከሰል እንውሰድ፤ ከክብደቱ አንድ አስረኛው ብቻ፣ 25 ግራም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ቢወጣ እንበል። 25,000 ሚሊ ግራም ለ31.2 ሲካፈል በአንድ ሜትር ኩብ 800 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ15 ደቂቃ እንኳ መታለፍ የለበትም ያለው 100 ነው፤ ለአንድ ሰዓት 35፣ ለስምንት ሰዓት 10። ስምንት እጥፍ አለፍን፤ ያውም በሩብ ኪሎ። ቤቱ ካሬው ያው ሆኖ ቁመቱ ቢያንስ ደግሞ ይብሳል። ቤት እንዲሞቅ ተብሎ ኮርኒሱ በ40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ከ31.2 ሜትር ኩብ 4.8ቱ ይሄዳል፤ ቁም ሳጥኑ ሌላ 2 ይወስዳል፤ አልጋው ሥር የተደረደረው ሻንጣና ጆንያም አለ። ሰው የሚተነፍሰው ከዚህ የተረፈውን ነው። ከሰል ያለበት ምድጃ፣ ጭስ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። በዚህ ላይ ሽምግልና የለም።

ለትንፋሹ ግን መፍትሔ አለ፤ የሚገኘውም በዚያው ሜትር ነው። አየር በአንድ ቀዳዳ ብቻ ደህና አይመላለስም፤ የሚገባበትና የሚወጣበት ይፈልጋል። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.08 ካሬ ሜትር ነው። ከአንዱ ግድግዳ ታች አንድ ብሎኬት፣ ከትይዩው ግድግዳ ላይ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ብሎኬት ተነሥቶ በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን፣ አየሩ በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ፣ በሰዓት 57.6 ሜትር ኩብ ያልፋል። የ31.2 ሜትር ኩቡን ክፍል አየር በየ32 ደቂቃው የሚተካ ነው። የአራቱ ሰዎች ትንፋሽ ከሺህ 15 እጅ የሚደርሰው ቀርቶ ከሺህ አንድ ተኩል ላይ ይቆማል፤ አንድ አስረኛ ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለአንድ የሰርቪስ ቤት አከራይ በወረቀት ሠርቼ አሳይቻቸው ነበር። አባወራው ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ብርዱስ?» አሉኝ። ብርዱ እውነት ነው፤ ሌሊት የአዲስ አበባ አየር በዚያ ቀዳዳ ሲገባ ብርድ ልብስ መጨመር ያስፈልጋል። ላይኛው ቀዳዳ ከሰው ራስ በላይ፣ ታችኛው ከአልጋው በተቃራኒ በኩል ቢሆን ይሻላል አልኳቸው። የሚነሡት ሁለት ብሎኬቶች እንደሆኑና ግንበኛ ግማሽ ቀን እንደማይፈጅበትም ጨመርኩ። «ሁለት ብሎኬት ብቻ?» ብለው ሜትሩን ተቀበሉኝና ቁመቱን ራሳቸው ሊለኩ ወንበር ላይ ወጡ።